ለምጣድ መስመር ከማስዘርጋታችን በፊት

(በማኅበራችን የወር ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የታዘዝኩት ስለ ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ሥራና ሥራውን ለካውንስል ስለ ማስታወቅ ነው። እኔ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ግን ደንቡን አስነብቤ፣ ያልገባኝን ደጋግሜ ጠይቄ የተረዳሁትን ነው የማቀርበው።

ነገሩን ያነሣነው በእንጀራ ምክንያት ነው። ሎንዶን መጥተን እንጀራችንን አልተውንም፤ ምጣዱም ተከትሎን መጥቷል። እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። እዚህ አገር የቤት ኤሌክትሪክ 230 ቮልት ነው። በስፒናው ውስጥ ያለችው ፊውዝ ቢበዛ 13 አምፔር ናት። ሁለቱ ሲባዙ 2990 ዋት ይሆናል። ስለዚህ አንድ ስፒና የሚሸከመው ቢበዛ 3000 ዋት ገደማ ነው ማለት ነው። ከአገር ቤት የሚመጣው ምጣድ ግን ብዙውን ጊዜ ከ3000 በላይ ነው፤ 4000 የሚጠጋም አለ። 4000 ዋት ከ17 አምፔር ይበልጣል። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጋገርበት ስፒናው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። በማከፋፈያ ገመድ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ፊውዝ ተቃጠለ ብሎ በምትኩ ምስማር ወይም የብር ወረቀት የሚያስገባ ሰው፣ እሳቱን በገዛ እጁ እንደለኮሰ ይቁጠረው። ከአሜሪካ የሚላከው ምጣድ ደግሞ አብዛኛው ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ እዚህ እንዳለ አይሰካም።

ታዲያ ትልቅ ምጣድ ያለው ሰው መፍትሔው ምንድን ነው? ከፊውዝ ሳጥኑ ተነሥቶ ለምጣዱ ብቻ የሚሄድ አዲስ መስመር ማዘርጋት ነው። ደንቡ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

በእንግሊዝ የሕንፃ ደንብ ውስጥ «ክፍል ፒ» የሚባል አለ። ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2005 ጀምሮ ነው፤ በ2013 ደግሞ ተሻሽሎ ቀለል ብሏል። ዛሬ የግድ መታወቅ ያለባቸው ሥራዎች ሦስት ናቸው፤

1ኛ/ አዲስ መስመር መዘርጋት፤
2ኛ/ የፊውዝ ሳጥን መለወጥ፤
3ኛ/ በገንዳ ወይም በሻወር ዙሪያ ባለ መስመር ላይ የሚጨመር ወይም የሚለወጥ ሥራ።

ማብሪያ ማጥፊያ መቀየር፣ የተሰበረ ሶኬት መተካት፣ ከውሃ ርቆ ባለ መስመር ላይ አንድ ሶኬት መጨመር ማስታወቅ አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ ማናቸውም ሥራ፣ ቢታወቅም ባይታወቅም፣ አደጋ የማያስከትል ሆኖ መሠራት አለበት። ጓሮ ወዳለች ክፍል ለምጣድ ተብሎ ከሳጥኑ የሚሳበውም መስመር ከደንቡ አያመልጥም። ይኸ የምናገረው ለእንግሊዝ ነው፤ ዌልስና ስኮትላንድ ዘመድ ያላችሁ፣ የነሱ ደንብ የተለየ መሆኑን ንገሯቸው።

ማስታወቂያው እንዴት ይደረጋል? ቀላሉ መንገድ የተመዘገበ ባለሙያ ማሠራት ነው። እንደ ኤን.አይ.ሲ.ኢ.አይ.ሲ. እና ናፒት ባሉ ድርጅቶች የተመዘገበ ሰው ሥራውን ራሱ መርምሮ በ30 ቀን ውስጥ ለካውንስል ያሳውቃል፤ እኛ ካውንስል ደጅ መቆም አይኖርብንም። ሁለተኛው መንገድ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለካውንስሉ የሕንፃ ቁጥጥር ክፍል ማመልከትና ክፍያውን ከፍሎ ማስመርመር ነው። ሦስተኛው፣ ምርመራ እንዲያደርግ የተፈቀደለትን ሌላ ባለሙያ አስቀድሞ መያዝ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ቅር የምንሰኝበትን ነገር ልናገር። «ወንድማችን አገር ቤት ሃያ ዓመት የሠራ ባለሙያ ነው፤ ለምን ባዕድ እንጠራለን?» ይባላል። የወንድማችንን እጅ ማንም አልናቀም፤ ሕጉም አትሥራ አላለውም። ካልተመዘገበ ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለካውንስል መነገር አለበት። ለትንሽ ሥራ የካውንስሉ ክፍያ ከእጅ ዋጋው ሊበልጥ ስለሚችል በርካሽ አሠራሁ ያለው ሰው በኋላ ይቆጨዋል። ለወንድማችን ከልብ የምናስብ ከሆነ እንዲመዘገብ እንርዳው፤ ያን ጊዜ ሥራው ሁሉ ለሱ ይሁን።

ሥራው ሲያልቅ የምንቀበለው ወረቀት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መስመሩ ተፈትኖ ደኅና መሆኑን የሚገልጸው የባለሙያው ወረቀት ነው። ሁለተኛው ሥራው ለካውንስል መታወቁንና ከሕንፃ ደንቡ ጋር መስማማቱን የሚመሰክረው ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም፤ ሁለቱንም ተቀብሎ ከቤቱ ውል ጋር ማስቀመጥ ነው።

«ወረቀቱ ባይኖርስ ምን ጣጣ አለው?» የሚል አይጠፋም። ጣጣ አለው። ካውንስሉ ሥራው እንዲስተካከል ወይም እንዲነሣ ሊያስገድድ፣ ፍርድ ቤትም ሊያቀርብ ይችላል። ቤት ሲሸጥ የገዢው ጠበቃ ከ2005 ወዲህ ለተሠራው ሥራ ወረቀት ይጠይቃል። ከመካከላችን አንድ ቤተሰብ ቤቱን ሊሸጥ ተስማምቶ ሳለ፣ ለምጣዱ መስመር ወረቀት ስላልነበረው ነገሩ ሳምንታት ተጓቶበታል፤ በመጨረሻም ለአዲስ ምርመራ ገንዘብ ከፍሏል። እሱ ግን ገንዘብ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ ቤተሰብ በምንኖርበት ሕንፃ የአንዱ ቤት እሳት የሁሉም ነው።

ተከራይ የሆናችሁ፣ ከባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ሳታገኙ መስመር አታዘርጉ። በ2020 በወጣው ደንብ የግል አከራይ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ የቤቱን ኤሌክትሪክ አስመርምሮ፣ የውጤቱን ቅጂ በ28 ቀን ውስጥ ለተከራዩ መስጠት አለበት። ይኸ መብታችሁ ስለሆነ ሳታፍሩ ጠይቁ።

በመጨረሻ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ከምጣዱ ሥር የተጻፈውን ዋት አንብቡ። ከ3000 የሚጠጋ ወይም የሚበልጥ ከሆነ ባለሙያ ሳያየው አትሰኩት። ሠራተኛ ስትይዙም ከዋጋው በፊት «ተመዝግበሃል ወይ?» በሉ፤ ስሙንም በመዝገቡ ላይ አረጋግጡ። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ እናቶችና አባቶች ደብዳቤያችሁን ይዛችሁ ወደኔ ኑ፤ የሚያነቡ ልጆች አሉን፣ አብረን እንሞላለን።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዛሬውኑ እናስብበት።