ሞዛርትና የአራሶች ሲዲ
እሷ፦ ሕፃን ሞዛርት ከሰማ ብልህ ይሆናል የሚባለው ከየት የመጣ ነው?

እሱ፦ እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ውስጥ 36 የኮሌጅ ተማሪዎች ተፈተኑ። የሞዛርትን የሁለት ፒያኖ ሶናታ 10 ደቂቃ ካደመጡ በኋላ፣ ታጥፎ የተቆረጠ ወረቀት ሲዘረጋ ምን እንደሚመስል በሐሳባቸው እንዲስሉ ተጠየቁ። ጎበዙ።

እሷ፦ ቆይ፣ ሕፃናቱስ?

እሱ፦ የሉበትማ! ውጤቱም ከሩብ ሰዓት አላለፈም። ወሬው ግን ክንፍ አወጣ፤ በ1998 የጆርጂያ አገረ ገዥ ለአራሶች ሲዲ 105,000 ዶላር በጀት ጠየቁ።

እሷ፦ አጃኢብ! ታዲያ ተማሪዎቹን ምን ረዳቸው?

እሱ፦ መነቃቃት። በ2001 በወጣ ጥናት ፈጣኑና ደስ የሚለው ያው ሶናታ ሲረዳ፣ የአልቢኖኒ የሚባለው ቀርፋፋና ሐዘንተኛ አዳጆ አልረዳም። ሁለቱም ክላሲካል ናቸው እኮ!

እሷ፦ እንግዲህ ወላጆች፣ ሞዛርትን ስለሚያምር ክፈቱላቸው፤ ለፈተና ግን አስጠኗቸው።