ድንበር በሌለው ውሃ ላይ ድንበር መጠበቅ
በጣና ሐይቅ ዙሪያ ለሚገኙ ሞዴል አርሶ አደሮች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር

 

ትናንት ስለ ሩዝ ዘርና ስለ ማሳ ዝግጅት ተነጋግረናል። ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ዓሣ ስናጠምድ ከጎናችን ካለው ሰው ምን ያህል መራቅ እንዳለብን ነው። «ለዚህም ሥልጠና ያስፈልጋል ወይ?» የሚል ይኖራል። ብዙዎቻችሁ የእርሻ ሥራ ጋብ ሲል መንጠቆ ወይም መረብ ይዛችሁ ወደ ውሃው ትወርዳላችሁ። የምታገኙት ዓሣ ለቤት ወጥ ይሆናል፤ ሲተርፍም ተሽጦ የጨውና የደብተር መግዣ ይሆናል። በዚህች ጥቂት ገቢ የተጣሉ ጎረቤታሞችን ለማስታረቅ ከሽማግሌዎች ጋር የተቀመጥኩባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም።

አንዱን ልንገራችሁ። ስምና ቀበሌ አልጠራም። አንድ አርሶ አደር ማታ መረቡን ጥሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ሌላው ከመሸ በኋላ በታንኳ መጥቶ የራሱን መረብ ከፊቱ ዘረጋ። ሌሊት ነፋስ ተነሣ፤ ጠዋት ሁለቱ መረቦች ተጠላልፈው ተገኙ። ቀድሞ የደረሰው ሰው ለመፍታት ትዕግሥት አጣና የሌላውን መረብ በቢላ ቆራረጠው። እነዚህ ሰዎች ለዓመታት ወንፈል አብረው ሲወጡ የኖሩ ናቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሰላምታም ቀረ። በዚያው ዓመት የአንዱ ጤፍ አጫጅ አጥቶ ማሳ ላይ እያለ ዝናብ መታው። የመረቡ ዋጋ በሽምግልና ተከፈለ፤ የጤፉን ግን የከፈለ የለም።

ውሃ ላይ ድንበሩ ምንድን ነው?

መሬት ላይ ድንበር መግፋት ነውር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ወሰኑ በድንጋይ ወይም በተክል ስለሚታይ የገፋው ሰው አላየሁም ሊል አይችልም። ውሃ ላይ ግን ድንጋይ አይተከልም። ስለዚህ ድንበሩን የምናውቀው ቀድሞ የተቀመጠውን ሰው አይተን ነው።

እኔም ይህን የተማርኩት ከትምህርት ቤት አይደለም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆኜ በተመደብኩበት የመጀመሪያ ዓመት መንጠቆ ይዤ ጉማራ ወንዝ ዳር ወረድኩ። አንድ አባት አምባዛ ሲያወጡ አየሁ። እኔ እስከዚያ ሰዓት ምንም አልያዝኩም ነበርና ዕቃዬን አንስቼ ከአጠገባቸው፣ ከእሳቸው ወደ ላይ በኩል ተቀመጥኩ። ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልሰጠሁም። የወንዙ ፍሰት የእኔን ክር ወስዶ ከእሳቸው ክር ጋር አጠላለፈው። በዚያው መካከል አንድ ትልቅ ዓሣ ያዘላቸው፤ ክሩን በጥሶ ሄደ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ እርሻ የምታስተምረን አንተ ነህ። ከሰው ማሳ ገብቶ ማረስ ይፈቀዳል?» አሉኝ። እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

ዓሣው ገና ያልተያዘ ስለሆነ የማንም አይደለም። ቀድሞ የተቀመጠው ሰው መንጠቆ የሚደርስበት ውሃ ግን፣ ሰውየው እዚያ እስካለ ድረስ፣ እንደ ማሳው ሊከበርለት ይገባል። ከዛሬው ትምህርት ሌላው ቢረሳ ይህ አይረሳ።

ርቀቱ ምን ያህል ይሁን?

በእንጨት የሚያጠምድ ሰው፦ እንጨቱ 3 ሜትር፣ ክሩ 5 ሜትር ቢሆን መንጠቆው እስከ 8 ሜትር ይደርሳል። የእናንተም እንዲሁ ከሆነ በመካከላችሁ 16 ሜትር ካልኖረ ክሮቹ ሊገናኙ ይችላሉ። ለነፋሱና ለዓሣው መወራጨት ጥቂት ጨምሩና 20 ሜትር አድርጉት፤ በአዋቂ እርምጃ 30 ያህል ነው። ክራችሁ ከዚህ ከረዘመ እርምጃውም አብሮ ይጨምራል።

በወንዝ ላይ፦ ፍሰቱ ክርን ወደ ታች ይወስዳል። ስለዚህ ከሰው በላይ በኩል የሚቀመጥ ከታች ከሚቀመጠው የበለጠ መራቅ አለበት። ዘግይቶ የመጣ ሰው ከታች ቢቀመጥ ይሻላል።

ድምፅና እግር፦ ዓሣ በጎኑ ባለው መስመር የውሃን ንዝረት ይሰማል። ዳርቻውን እየረገጡ መሮጥ፣ ውሃ ውስጥ ድንጋይ መወርወር፣ ታንኳን ሰው በሚያጠምድበት ፊት ለፊት መቅዘፍ ክር ባይነካም የሰውየውን ዓሣ ያባርራል። ማለፍ ካለባችሁ ከጀርባው እለፉ። በታንኳ ከሆናችሁም ወደ ውስጥ ሰፋ አድርጋችሁ ዙሩ።

መረብ የሚጥል ሰው፦ መረብ ማታ ተጥሎ ጠዋት ስለሚነሣ ባለቤቱ አጠገቡ የለም። ስለዚህ ጥንቃቄው ይጨምራል። በሁለት መረቦች መካከል ቢያንስ የአንዱን መረብ ርዝመት ያህል ክፍት ቦታ እንድትተዉ እመክራለሁ። ዓሣው በሚመጣበት በኩል ከሰው መረብ ፊት መዘርጋት ከጎኑ ከመዘርጋት የከፋ ነው፤ ወደ እሱ የሚሄደውን ዓሣ በመንገድ መንጠቅ ነውና። የእናንተንም መረብ ሌላው በጨለማ እንዲለየው በሁለቱም ጫፍ በደንብ የተከደነ ባዶ ጀሪካን እሰሩበት፤ ነጭ ጨርቅም አድርጉበት። ምልክት ሳያደርጉ «ገፋኝ» ብሎ መክሰስ ወሰን ሳይተክሉ እንደ መክሰስ ነው።

ቦታው ሲጠብስ

«ቦታው ጠባብ ከሆነስ? 30 እርምጃ ከየት ይመጣል?» ትሉኝ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ከመስኖ ሥራችን ውስጥ አለ። የመስኖ ውሃ ሲያንስ ሁላችንም ቦዩን በአንድ ጊዜ አንከፍትም፤ የውሃ አባት ተራ ያወጣል። ጥሩ ማጥመጃ ቦታም እንዲሁ በተራ ይሁን። አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ፤ ወይም ቀን በቀን መፈራረቅ። ቀድሞ የመጣም ቢሆን ቦታውን ለዘላለም አልያዘም። ድንጋይ አስቀምጦ ወይም አሮጌ መረብ ጥሎ ለቀናት «የእኔ ነው» ማለትም ድንበር መግፋት ነው። ሰውየው ሲነሣ ቦታውም ይለቀቃል።

ከሁሉ የሚጠበው ወንዞቹ ወደ ሐይቁ የሚገቡበት ቦታ ነው። ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭን ታውቋቸዋላችሁ። በጣና ያሉት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ከ10 በላይ ሲሆኑ አብዛኞቹ ከዚህ ሐይቅ ሌላ የትም አይገኙም። በርካታዎቹ በክረምቱ ወንዞቹን ተከትለው ወደ ላይ ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ። በዚያ ሰዓት ሁሉም ሰው መረቡን ጎን ለጎን ቢደረድር ለዓሣው የሚያልፍበት በር አይቀርለትም። በፈረንጆች 1990ዎቹ ዓመታት የነጭ ዓሣ ብዛት ክፉኛ እንደቀነሰ በጥናት ታይቷል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ በመራቢያ ወቅት በወንዝ መግቢያ ላይ ማጥመድ ነው። ስለዚህ በመራቢያ ወቅት ከወንዝ መግቢያ ፈጽሞ እንራቅ። በሌላውም ጊዜ በመካከላችን የምንተወው ቦታ ለጎረቤት ክብር፣ ለዓሣውም መንገድ ነው።

በተግባር የምናውለው

1. ስትደርሱ ቀድማችሁ ሰላም በሉ። «እዚህ ብቀመጥ አስቸግርሃለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። አባት ከሆኑ «አባባ፣ ይፈቅዱልኛል?» በሉ። ከፈቀዱላችሁ 30 እርምጃውም ሊያጥር ይችላል።
2. ሰው ዓሣ ሲያወጣ አይታችሁ ወደ እሱ አትጠጉ። የያዘበትን ጥልቀትና የተጠቀመበትን ትል ጠይቃችሁ በራሳችሁ ቦታ ሞክሩ።
3. ጎረቤታችሁን ትልቅ ዓሣ ከያዘለት የእናንተን ክር ሰብስቡ።
4. ክር ወይም መረብ ከተጠላለፈ ባለቤቱን ጥሩ። መቁረጥ ግድ ከሆነ የራሳችሁን ቁረጡ።
5. የሰውን መረብ ለማየት እንኳ አታንሡ። ዓሣ ባይጎድልም እምነት ይጎድላል።
6. ከብት የሚጠጣበትንና ሴቶች ውሃ የሚቀዱበትን ቦታ ተዉ። የተጣለ መንጠቆ እግር ይወጋል።
7. አለመግባባት ሲነሣ እዚያው ውሃ ዳር አትከራከሩ። ማታ በሽማግሌ ፊት ይታይ።

ሕግ አለን፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል። ሕግ ግን በሁለት ጎረቤቶች መካከል ያለውን እርምጃ ሁሉ ሊቆጥርልን አይችልም። እሱን የምንቆጥረው እኛ ነን። ሞዴል የተባላችሁት ሌላው እናንተን አይቶ ስለሚሠራ ነው። በመስመር መዝራትን ከእናንተ እንዳየ ሁሉ፣ ልጆቻችሁም ከሰው ራቅ ብሎ መቀመጥን ከእናንተ ይዩ።

ከሻይ በኋላ በየቡድናችሁ በሦስት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ። በቀበሌያችሁ ጠብ የሚበዛበት ማጥመጃ ቦታ የትኛው ነው? ተራ ቢወጣለት ማን ያስተባብረው? በመራቢያ ወቅት ወንዙን ክፍት ለማድረግ በምን እንስማማ? መልሳችሁን ጽፋችሁ ለቀበሌያችሁ ባለሙያ ስጡ።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይባላል። ቅርብ ጎረቤት ሆኖ ለመኖር ውሃ ዳር ትንሽ ራቅ ማለት ይጠቅማል።