ቅንብሩ የማን ነው? በዴስክቶፕ ሶፍትዌር ውስጥ የተጠቃሚን ምርጫ ስለ መጠበቅ

(ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለእንግዶች ክፍት በነበረው የፋኩልቲው የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእሳችን በሶፍትዌር ምሕንድስና ትምህርት ውስጥ ብዙ ጊዜ በአንድ አንቀጽ የሚታለፍ ነው። ተጠቃሚው የመረጠው የፊደል መጠን፣ የገጹ ቀለም፣ ሰነዶች የሚቀመጡበት አቃፊ፣ የመረጃ ቋቱ ሰርቨር አድራሻ፤ እነዚህን ሁሉ በአንድ ቃል ቅንብር እንላቸዋለን። በመመረቂያ ሥራዎች ላይ ቅንብር ዘወትር መጨረሻ ላይ የሚታሰብ ነገር ሆኖ አየዋለሁ። ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ «አንድ ፋይል ውስጥ» ይጻፋል። ጥያቄ ሲነሣም ውይይቱ ወዲያውኑ ወደ ቅርጸት ይዞራል፤ ኤክስኤምኤል ይሻላል ወይስ ጄሰን?

ቅርጸት ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ቅንብር የማን ነው?» የሚለው ነው። ተጠቃሚው አስቦ የመረጠው ነገር የተጠቃሚው ንብረት ነው፤ ፕሮግራሙ ባለአደራ እንጂ ባለቤት አይደለም። ይህን ሐሳብ አጥብቀን ከያዝን የት እናስቀምጥ፣ ምን እንጻፍ፣ እንዴት እንጻፍ ለሚሉት ጥያቄዎች መልሱ በአብዛኛው ከእርሱ ይመነጫል።

በመጀመሪያ «የት» የሚለውን ከታሪኩ ጋር እንመልከት። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1992 በወጣው ዊንዶውስ 3.1 ዋና ዋናዎቹ ቅንብሮች «ዊን ኢኒ» እና «ሲስተም ኢኒ» በሚባሉ ሁለት የጽሑፍ ፋይሎች ይቀመጡ ነበር። ብዙ መተግበሪያዎችም የየራሳቸውን መስመር በዊን ኢኒ ላይ ይጨምሩ ነበር። ፋይሉ በ64 ኪሎባይት የተወሰነ መሆኑ አንድ ችግር ነበር፤ የባሰው ችግር ግን የባለቤትነት ድንበር አለመኖሩ ነው። የኮምፒውተሩ፣ የፕሮግራሙና የሰውየው ጉዳይ በአንድ ገጽ ላይ ተደባልቆ ይኖር ነበር። በ1993 በዊንዶውስ ኤንቲ፣ ከዚያም በዊንዶውስ 95 ሬጂስትሪ ይህን ቦታ ወሰደ። ሬጂስትሪን ብዙዎች የሚያማርሩት ለማንበብ አስቸጋሪ ነው በማለት ነው። ነገር ግን አንድ ትልቅ ቁም ነገር አስተምሮናል፤ ለኮምፒውተሩ አንድ ቅርንጫፍ፣ ለተጠቃሚው ሌላ ቅርንጫፍ ለየ።

ያም ሆኖ ብዙ ፕሮግራሞች ቅንብራቸውን ራሳቸው በተጫኑበት አቃፊ ውስጥ መጻፍ አላቆሙም። ሁሉም ተጠቃሚ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ይዞ በሚሠራበት ዘመን ይህ ያለ ችግር ያልፍ ነበር። በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ይህን ሥልጣን ሲገድብ የቆዩት ፕሮግራሞች ሥራቸው እንዳይቋረጥ አንድ መላ ፈጠረ። ወደ ፕሮግራሙ አቃፊ ሊጻፍ የነበረውን በስውር «ቨርቹዋል ስቶር» ወደሚባል፣ በተጠቃሚው የግል ክፍል ውስጥ ወዳለ አቃፊ አዞረው። ውጤቱን አስቡት፤ የቤተ ሙከራው አስተዳዳሪ የሰርቨሩን አድራሻ በዋናው ፋይል ላይ ያስተካክላል፤ ተማሪው ግን የሚያየው ከወራት በፊት በስሙ የተቀዳውን ግልባጭ ነው። ሁለቱም አንድ ፋይል እያዩ ይመስላቸዋል፤ የሚያዩት ግን ሁለት ፋይል ነው። የዚህ ሁሉ ምንጭ «የማን ነው?» ተብሎ አለመጠየቁ ነው።

ዛሬ ሥርዓተ ክወናዎቹ ቦታውን ለይተው አስቀምጠዋል። በዊንዶውስ «ፕሮግራም ዳታ» ለሁሉም የጋራ ነው፤ «አፕ ዳታ» የተጠቃሚው ሲሆን፣ በውስጡ «ሮሚንግ» በመሥሪያ ቤት ኔትወርክ ከሰውየው ጋር ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ለሚሄደው፣ «ሎካል» ደግሞ እዚያው ለሚቀረው የታሰበ ነው። በማክ «ላይብረሪ» ሥር «ፕሪፈረንስስ» የሚባል አቃፊ አለ። በሊኑክስ ከ2003 ጀምሮ የኤክስዲጂ መግለጫ ቅንብርን፣ የተጠቃሚን መረጃና ቢጠፋ የማይጎዳውን ጊዜያዊ ክምችት በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ያስቀምጣል። የእኛ ሥራ አዲስ ቦታ መፈልሰፍ ሳይሆን እያንዳንዱን ቅንብር ወደ ባለቤቱ መመለስ ነው።

ባለቤቶቹ አራት ናቸው። አንደኛው ሠሪው ነው፤ ነባሪ የሆኑት ዋጋዎች የእርሱ ናቸው። ሁለተኛው አስተዳዳሪው ነው፤ የሰርቨር አድራሻና የጋራ ማተሚያ ማሽን የእርሱ ውሳኔ ነው። ሦስተኛው ተጠቃሚው ነው። አራተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ እርሱም ያ ኮምፒውተር ራሱ፣ በዚያች ቅጽበት ነው። የመስኮቱ ቦታና ስፋት የዚህ ዓይነት ነው። ሁለት ስክሪን ባለው ኮምፒውተር ላይ በሁለተኛው ስክሪን የተዘጋ መስኮት አንድ ስክሪን ወዳለው ኮምፒውተር ቢሄድ ከሚታየው ገጽ ውጭ ይከፈታል፤ ተጠቃሚውም ፕሮግራሙ አልነሣ አለ ይላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ቅንብር በ«ሎካል» ይቀመጣል፤ ሲነበብም መስኮቱ ባለው ስክሪን ውስጥ መግባቱ ይረጋገጣል።

ቀጥሎ «ምን እንጻፍ?» የሚለው ይመጣል። መልሴ አጭር ነው፤ ተጠቃሚው የለወጠውን ብቻ። ብዙ ፕሮግራሞች መጀመሪያ ሲከፈቱ ነባሪዎቹን ሁሉ ወደ ተጠቃሚው ፋይል ይገለብጣሉ። ጉዳቱ የሚታየው በሁለተኛው ስሪት ነው። ሰነድ በየ30 ደቂቃው በራሱ እንዲቀመጥ ያደረገ ፕሮግራም፣ በአዲሱ ስሪት ወደ 10 ደቂቃ ዝቅ ማድረግ ፈለገ እንበል። በተጠቃሚው ፋይል ላይ 30 ተጽፏል። ይህን 30 ሰውየው አስቦ መርጦታል ወይስ እኛ ነን የጻፍንበት? ማወቅ አይቻልም። ብንለውጠው ምርጫውን ልንሽር እንችላለን፤ ብንተወው መሻሻሉን ልንከለክለው እንችላለን። የሠሪውን ቃል በተጠቃሚው አፍ ካስገባን በኋላ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

መልካም አርአያዎች አሉን። በማክ ነባሪ ዋጋዎች ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር በማስታወሻ ይመዘገባሉ እንጂ ወደ ዲስክ አይጻፉም፤ በዲስክ ላይ የሚገኘው የተለወጠው ነው። ሊብረ ኦፊስም የተጠቃሚውን ለውጦች ብቻ በአንድ ለብቻው በተለየ ፋይል ይይዛል፤ የቀረው ከፕሮግራሙ ጋር የመጣው ነው። ሲነበብ ንብርብሩ ከላይ ወደ ታች ይታያል፤ ተጠቃሚው ያለው ካለ የእርሱ፣ ከሌለ የአስተዳዳሪው፣ እርሱም ከሌለ የሠሪው። አስተዳዳሪው አስገዳጅ ያደረገው ነገር ካለ ግን ይህ በግልጽ ይለይ፤ ለተጠቃሚውም በስክሪኑ ላይ ይነገረው።

ከስሪት ጋር የተያያዘ አንድ ትምህርት ልጨምር። በ2005 የወጣው ዶት ኔት ፍሬምወርክ 2.0 የመተግበሪያ ቅንብርንና የተጠቃሚ ቅንብርን ለይቶ አቀረበ፤ ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የተጠቃሚው ፋይል የሚቀመጥበት አቃፊ ስም የፕሮግራሙን የስሪት ቁጥር ይይዛል። ቁጥሩ ከ1.0 ወደ 1.1 ሲሄድ ፕሮግራሙ አዲስ አቃፊ ይፈልጋል፤ ባዶ ያገኘዋል፤ ከነባሪው ይጀምራል። የድሮው ፋይል አልጠፋም፤ ነገር ግን «አፕግሬድ» የሚባለውን ትእዛዝ ፕሮግራመሩ ካልጠራ ማንም አያነበውም። ተጠቃሚው የሚያየው ምርጫው ሁሉ እንደጠፋ ነው። ተቃራኒውንም አስቡ፤ አሮጌ ስሪት የአዲስ ስሪት ፋይል ቢከፍት የማያውቀውን መስመር መሰረዝ የለበትም፤ እንዳለ መልሶ ይጻፈው።

ሦስተኛው ጥያቄ «እንዴት እንጻፍ?» የሚለው ነው። መብራት ድንገት በሚጠፋበት አገር ለምንኖር ሰዎች ይህ ጥያቄ በየዕለቱ ያጋጥመናል። በ2009 መጀመሪያ ገና በሙከራ ላይ የነበረውን የኡቡንቱ ስሪት ከኤክስት 4 የፋይል ሥርዓት ጋር ይጠቀሙ የነበሩ ሰዎች፣ ኮምፒውተሩ ድንገት ሲቆም የዴስክቶፕ ቅንብር ፋይሎቻቸው ዜሮ ባይት ሆነው አገኟቸው። ምክንያቱ ፕሮግራሞቹ ይዘቱ በእርግጥ ዲስክ ላይ መድረሱን ሳያረጋግጡ የድሮውን ፋይል ባዶ ማድረጋቸው ወይም በአዲስ መተካታቸው ነበር። ኤክስት 4 ደግሞ አፈጻጸምን ለማፋጠን ይዘቱን ዲስክ ላይ መጻፉን ያዘገይ ነበር። የፋይል ሥርዓቱ ዋና አዘጋጅ ቴዎዶር ጾ፣ መረጃው ዲስክ ላይ መድረሱን እንዲያረጋግጥ መጠየቅ የፕሮግራሙ ድርሻ መሆኑን አስረዳ፤ በከርነሉም በኩል ለተለመዱት አጻጻፎች መከላከያ ተጨመረ።

ትክክለኛው ሥርዓት ሦስት እርምጃ ነው። አዲሱን ይዘት በዚያው አቃፊ ውስጥ በሌላ ስም ሙሉ በሙሉ ጻፉ፤ ዲስክ ላይ መድረሱን ጠይቁ፤ ከዚያ ስሙን በአሮጌው ላይ ቀይሩ። በዚህ መንገድ መብራት በየትኛውም ቅጽበት ቢጠፋ ወይ አሮጌው ወይ አዲሱ ሙሉ ሆኖ ይገኛል። በዊንዶውስ ፋይልን በፋይል የሚተካ ተግባር አለ፤ የኪውት ቤተ መጻሕፍትም «ኪው ሴቭ ፋይል» በሚባለው ክፍል ይህን ሥራ ያቀልላል። ሲከፈት የተበላሸ ፋይል ያገኘ ፕሮግራም ደግሞ በነባሪ አይጻፍበት፤ የተበላሸውን በሌላ ስም ወደ ጎን ያኑረው፣ ለተጠቃሚውም ይንገረው።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች አንድ የተለየ አደጋ አለ። የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999፣ በስሪት 3.0 ነው። በዊንዶውስ ለአማርኛ የተመደበ የቆየ የኮድ ገጽ የለም፤ ፊደላችን የሚኖረው በዩኒኮድ ብቻ ነው። የኢኒ ፋይል የሚጽፈው የዊንዶውስ ተግባር ግን ፋይሉ አስቀድሞ በዩኒኮድ ካልተፈጠረ በቆየው የኮድ ገጽ ይጽፋል። «ሰነዶቼ» ብሎ አቃፊ የሰየመ ሰው በፋይሉ ላይ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ያገኛል፤ ከጥያቄ ምልክት ወደ ፊደል መመለሻ መንገድ የለም። የመለያ ስሙን በግእዝ ፊደል የጻፈ ሰው ደግሞ የግል አቃፊው በዚያው ስም ይከፈታል፤ በቆየው መንገድ የተጻፈ ፕሮግራም አቃፊውን ማግኘት ሊያቅተው ይችላል። መፍትሔው ዩቲኤፍ 8ን በግልጽ መምረጥና ስማችሁን በላቲን ፊደል ብቻ ሳይሆን በአማርኛም ጽፋችሁ መሞከር ነው።

ቁጥርና ቀንም እንዲሁ ናቸው። በጀርመን የአስርዮሽ ምልክቱ ነጠላ ሰረዝ ስለሆነ እዚያ የተጻፈ 1,5 በሌላ አገር ኮምፒውተር በትክክል ላይነበብ ይችላል። ቀን በፋይል ላይ 5/3/2016 ተብሎ ቢጻፍ ኅዳር 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው? ማርች 5 ነው? ሜይ 3 ነው? በስክሪኑ ላይ በተጠቃሚው አቆጣጠር አሳዩ፤ በፋይሉ ላይ ግን በአንድ ቋሚ ሥርዓት ጻፉ። ያ ኅዳር 5 በዓለም አቀፉ አጻጻፍ 2023-11-15 ነው፤ ይህ አያሻማም።

ስለ የይለፍ ቃል አጭር ቃል ብቻ እናገራለሁ። ተጠቃሚ ሲቸገር የቅንብር ፋይሉን ገልብጦ ለባለሙያ ይልካል፤ ስለዚህ ምስጢር በዚያ ፋይል ውስጥ አይኑር። ዊንዶውስም ማክም ሊኑክስም ለምስጢር የተለየ ማከማቻ አላቸው።

ውድ ተማሪዎች፤ የመመረቂያ ሥራችሁን ስታቀርቡ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ለራሳችሁ አስቀድሙ። እያንዳንዱ ቅንብር የማን ነው? በፋይሉ ላይ ያለው ተጠቃሚው የመረጠው ብቻ ነው? ስሪቱ ሲቀየር ምርጫው ይተርፋል? በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ምን ይቀራል? በአማርኛ የተጻፈ ስም ያለው ሰው ቢጠቀምበት ይሠራል? የቅርጸቱ ጉዳይ ከእነዚህ በኋላ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚወሰን ነው።

የተጠቃሚው ምርጫ እያንዳንዱ ትንሽ ነው፤ ተደምሮ ግን ሰውየው ኮምፒውተሩን የራሱ ያደረገበት ሥራ ነው። ያን ሥራ የሚያጠፋ ፕሮግራም፣ ሌላው ነገሩ ሁሉ ቢያምርም፣ ዳግመኛ አይታመንም።