ለስንዴው የተደረገው ምርመራ ለእኛስ?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እድራችን ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት አለው። ሁሉም ለኀዘን ቀን የተዘጋጀ ነው። ዛሬ ግን ድንኳኑ ያለ ጊዜው እንዳይወጣ ስለሚረዳ ነገር፣ ማለት ስለ ላቦራቶሪ ምርመራ፣ ጥቂት እንድንናገር ኮሚቴው ፈቅዶልናል። እኛ ሐኪም አይደለንም፤ በጸሐፊነት ያረጀን ሰዎች ነን። ቢሆንም መዝገብ ሳይገለጥ ውሳኔ እንደማይጻፍ እናውቃለን።

እዚሁ አምቦ ያለውን የግብርና ምርምር ማዕከል ሁላችንም እናውቀዋለን። በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ሲቋቋም ሥራው የሰብል በሽታን ማጥናት ነበር። የስንዴ ዋግም ተመርምሮበታል። ዋግ ፈንገስ ነው፤ የሻጋታ ዘመድ ማለት ነው። በ2006 ዓ.ም. ዲገሉ የሚባለውን የስንዴ ዘር በባሌና በአርሲ የግንድ ዋግ ፈጀው። ለዓይን ሲታይ ቀድሞ በዩጋንዳ ተገኝቶ ዓለምን ካስደነገጠው ዋግ አይለይም። ሲመረመር ግን ሌላ ዝርያ ሆኖ ተገኘ። ለገበሬው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አንዱን ዋግ የሚችል ዘር ሌላውን ላይችል ይችላልና።

ታዲያ ለስንዴ ይህን ያህል ከተደከመ ለልጃችን ሆድ ምን እናደርጋለን? ተቅማጥ ሲይዘው ጎረቤት «አሜባ ነው» ይላል፤ ካንዱ ቤት የተረፈ ኪኒን ለሌላው ቤት ይሰጣል። ተቅማጡ አንድ ቢመስልም መነሻው ብዙ ነው። አሜባ አለ፣ ጃርዲያ አለ፣ ባክቴሪያና ቫይረስም አለ። የአሜባ ኪኒን ቫይረስን አይነካም። ልጁ ኪኒኑን እየዋጠ የሰውነቱ ውኃ ያልቃል፤ ቶሎ የሚገድለውም ይኸው ነው። ስለዚህ ጤና ጣቢያ እስኪደርስ ኦ.አር.ኤስ. በንጹሕ ውኃ በጥብጠን እናጠጣው፤ ጡት የሚጠባም ጡቱን አይከልከል።

ምርመራውን ግን እኛው ልናበላሸው እንችላለን። ሰገራው በንጹሕና በደረቅ ዕቃ ይያዝ፤ ሽንትና አፈር አይግባበት። ቀጭን ከሆነ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ። ባለሙያው በማይክሮስኮፕ የሚፈልገው አሜባው በሕይወት ሳለ ሲንቀሳቀስ ነው፤ ከሞተ መለየቱ ያስቸግራል። ከጉደር ማዶ ጠዋት ተይዞ እኩለ ቀን ላይ አምቦ የሚገባ ዕቃ ብዙም አይጠቅምም፤ በሽተኛውን ራሱን ማምጣት ይሻላል። ጃርዲያ ደግሞ በየቀኑ ከሰገራ ጋር አይወጣም። አንድ ቀን «የለም» ተብሎ ሕመሙ ካልለቀቀ በሌላ ቀን ይደገም፤ እስከ ሦስት ጊዜ ቢታይ መልካም ነው። ናሙናውም መድኃኒት ሳይጀመር ይሰጥ።

ጭርትም እንዲሁ ነው። ባለሙያው ከጠርዙ ቆዳ ፍቆ በመድኃኒት አሟሙቶ የፈንገሱን ክር ያያል። ከገበያ የተገዛ ቅባት ተቀብቶ ለሄደ ሰው ግን ክሩ ሊሰወር ይችላል። ቅላቱን አስታግሦ ፈንገሱን የሚያስፋፋ ቅባትም አለ።

ውኃውንም አንርሳ። ከሁሉቃም ይቀዳ ከምንጭ፣ ጠርቶ ስለታየ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ጃርዲያ ክሎሪንን ይታገሣል፤ መፍላትን ግን አይችልም። እንግዲህ አፍልተን እንጠጣ።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። አንዳንዱ አባል ምርመራ የሚተወው ንቆት ሳይሆን ገንዘብ አጥቶ ነው፤ አፍሮም አይናገርም። ለቀብሩ የምናዋጣ ሰዎች ለምርመራው ብናበድረው ምን አለበት? ከካዝናችን ጥቂት ብር ለዚህ እንዲመደብና ብድሩ በየወሩ መዋጮ እንዲመለስ ጉባኤው ተወያይቶ ደንብ ያውጣበት እንላለን።