ለልጆች ቴአትር የአንበሳ ጎፈር ስለ መሥራት



በአገራችን የዘመናዊ ቴአትር መጀመሪያ ሆኖ የሚቆጠረው የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በ1913 ዓ.ም. ገደማ ሲቀርብ፥ በመድረክ ላይ የተናገሩት አራዊት ነበሩ። ዛሬም ልጆች በትምህርት ቤት ተረትን በቴአትር ሲያሳዩ አንበሳ ወይም ጦጣ መሆን ይወዳሉ። ነገር ግን የአንበሳው ድርሻ አንዳንድ ጊዜ የሚደርሰው አጥርቶ ለሚናገረው ልጅ ሳይሆን፥ ወላጆቹ ልብሱን ሊገዙለት ለቻሉት ነው። ይህም ለቀረው ልጅ ቀላል ኀዘን አይደለም። ስለዚህ የአንበሳ ጎፈር በጥቂት ገንዘብ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ እንገልጻለን።

ለሥራው የሚስማማው ፎም የሚባለው ነው። ይህም የነጠላ ጫማ ሶል ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ ሲሆን፥ ክብደቱ ቀላል ነው፤ ሲሞቅ ይለመጣል፥ ሲበርድም የተሰጠውን ቅርጽ ይይዛል። ለመሠረቱ 5 ሚሊ ሜትር፥ ለጎፈሩ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ይበቃል።

አስቀድማችሁ ከልጁ አንድ ጆሮ ሥር ተነሥታችሁ፥ በአናቱ ላይ አሳልፋችሁ እስከ ሌላው ጆሮ ሥር በክር ለኩ። በዚሁ ልክ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ወረቀት ቁረጡና በራሱ ላይ ሞክሩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ ወረቀቱን ሳይሞክር ፎሙን የቆረጠ ሰው ሁለት ጊዜ ይገዛል። ምላጩም የተሳለ ይሁን፤ የደነዘ ምላጭ ፎሙን ይቦጭቀዋል እንጂ አይቆርጠውም። መቁረጡም የታላቅ ሰው ሥራ ነው።

ለጎፈሩ ስሱን ፎም በ15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቁረጡ፤ 3 ሳንቲ ሜትሩን ሳትነኩ የቀረውን እንደ ዘርፍ ሰንጥቁት። ዘርፉን በፀጉር ማድረቂያ እያሞቃችሁ ጠምዝዙት፥ እስኪበርድም ያዙት። ከዚያም የሣር ቤት እንደሚከደን፥ አንዱን ረድፍ በሌላው ላይ እየደረባችሁ በመሠረቱ ላይ በማስቲሽ አጣብቁት።

ማስቲሹ በሁለቱም ገጽ ይቀባ፤ በጣት ሲነኩት የማይለጠፍ እስኪሆን ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑት። የማስቲሽ ትነት ለሳንባ ጎጂ ነው፥ እሳትም ቶሎ ይይዘዋል። ስለዚህ ሥራው ከከሰል ምድጃና ከሻማ ርቆ በደጅ ይሠራ፥ ልጆችም አጠገቡ አይቀመጡ።

ፎም ቀለም ስለሚመጥ፥ በውሃ የቀጠነ ነጭ ኮላ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀብታችሁ አድርቁት፤ ከዚያ በኋላ ቡናማና ቢጫ የውሃ ቀለም ቀቡት። በመጨረሻም በመሠረቱ ሁለት ጫፎች ቀዳዳ አበጅታችሁ ላስቲክ ቋጥሩበት። ላስቲኩ በራስ ቅል በስተኋላ ይለፍ እንጂ በጉሮሮ በኩል ከቶ አይለፍ። የልጁም ዓይን፥ አፍንጫና አፍ አይሸፈን።

ከሁሉ በላይ አደራ የምንለው አንድ ነገር አለ። ፎም በእሳት ሲያያዝ እየቀለጠ ይንጠባጠባልና፥ ጎፈሩን ያጠለቀ ልጅ ወደ ሻማም ሆነ ወደ ችቦ አይቅረብ።

እንግዲህ ወላጆች አንድ ምሽት ለዚህ ሥራ ብትሰጡ፥ ልጃችሁ በልብስ እጦት ከመድረክ አይቀርም። እናንተም መምህራን ሆይ፤ ድርሻውን ስታከፋፍሉ ልጁ የለበሰውን ሳይሆን የሚናገረውን ተመልከቱ።