የድሀው ልጅ ማንበብ እንዲችል የአጥቢያችን ድርሻ

በዘመሮ ለካህናትና ለሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገረው በየአጥቢያችን ስላለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ሕንፃው የመንግሥት ቢሆንም በውስጡ የሚቀመጡት የአብራካችን ክፋዮች፣ የክርስትና ልጆቻችንና የጎረቤቶቻችን ልጆች ናቸው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ከክፍያ ነፃ በማድረጉ ደጁ ለድሀው ልጅ ተከፍቷል። ይሁን እንጂ የደጁ መከፈት ብቻውን አልበቃም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። አዝመራው በ12ኛ ክፍል ይታይ እንጂ የተዘራው በ1ኛና በ2ኛ ክፍል ነው። የዓለም ባንክ ግምት እንደሚያሳየው በአገራችን 10 ዓመት ከሞላቸው ልጆች ከ10ሩ 9ኙ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። ማንበብ ያልቻለ ልጅ ከፍ ባለ ቁጥር ሒሳቡም ሳይንሱም ይዘጋበታል፤ ሁሉም በመጽሐፍ ነውና።

ጉዳቱ ለሁሉም እኩል አይደርስም። ያለው ሰው ልጁን ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ልኮ ያስተምራል፤ አስጠኚም ይቀጥርለታል። በእኛ በመንዝ ደጋ ግን የመበለቲቱ ልጅ በአጨዳ ወቅት ከገብስ ማሳ፣ በሌላው ጊዜ ከበጎች ኋላ ይውላል። ውርጭ አዝመራውን በመታበት ዓመት ቁርስ ሳይቀምስ ይማራል። ደብተር ሲያልቅበትም መጠየቅን አፍሮ ይቀራል። በክልላችን የተነሣው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ የስንቱን ልጅ ዓመት በልቷል።

ታዲያ አጥቢያ ምን ሊያደርግ ይችላል? መምህር መቅጠርና መጽሐፍ ማሳተም የመንግሥት ድርሻ ነው። ሦስት ነገሮች ግን በእጃችን አሉ።

አንደኛው ጊዜ ነው። በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔ ዓለምና በበዓለ ወልድ ገበሬው ሞፈር አይጨብጥም፤ ልጁም ከአጨዳ ያርፋል። በእነዚህ ቀናት ከቅዳሴ በኋላ፣ ወይም ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ አንድ የንባብ ሰዓት እንወስን። ሰንበትን ስንጨምርበት የማንንም ቤት ሥራ ሳንሻማ በወር ስምንት ያህል ጊዜ እናገኛለን።

ሁለተኛው የቆየው የማስተማር ልማዳችን ነው። በአብነት ትምህርት ቤት የበረታው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፤ የኔታ ብቻቸውን ሆነው ብዙ ደቀ መዛሙርትን የሚያፈሩት በዚህ ነው። እንዲሁ የ8ኛ ክፍል ተማሪ የ2ኛ ክፍሉን ልጅ ያስነብብ፤ መጽሐፉም የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ይሁን። በቃል መውጣት ግን ማንበብ አይደለም። ልጁ ማንበቡ የሚታወቀው ከዚህ በፊት ያላየውን ገጽ አንብቦ በራሱ አነጋገር ሲያስረዳ ነው።

ሦስተኛው ምጽዋታችን ነው። ከሙዳየ ምጽዋቱ ጎን ለደብተርና ለእስክሪብቶ የሚሆን ሣጥን እናስቀምጥ። የተረጂው ልጅ ስም ግን በዐውደ ምሕረት አይጠራ፤ መምህሩ በምስጢር ይስጠው። ልጁ ደብተሩን ሲቀበል አንገቱን የሚደፋ ከሆነ ረዳነው ማለት አንችልም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ስለዚህ ወደ ትምህርት ቤቱ የምንገባው በወላጅና መምህር ኅብረት በኩል፣ በወላጅነታችን ነው። የንባቡ ሰዓትም እምነቱ ሳይጠየቅ ለመጣው ልጅ ሁሉ ክፍት ይሁን።

አባቶቻችን የጓሳን ሣር በጋራ ሕግ ከልለው፣ ያለጊዜው ማንም እንዳይነካው ጠብቀው፣ ሲደርስ በሥርዓት ተካፍለው ለዘመናት ኖረዋል። ሣር ለመጠበቅ የተስማማ ሕዝብ ልጆቹን ለመጠበቅ መስማማት አያቅተውም።

እንግዲህ በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባችን በመጀመሪያው አጀንዳ አንድ ጥያቄ እናንሣ፦ በአጥቢያችን ከ2ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ካሉት ልጆች አንብበው የሚረዱት ስንቶቹ ናቸው? ከርእሰ መምህሩ ጋር ሆነን በስም በስማቸው እንወቃቸው። ሥራችን ከማያነብበው ልጅ ይጀምራል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።