አጥንቱና አፈሩ



ቅሪተ አካል፣ ማለትም በደለል ተቀብሮ በረዥም ዘመን ወደ ድንጋይነት የተለወጠ የእንስሳት ወይም የዕፅዋት ቅሪት፣ ስለ ቅድመ ሰው ዘር የተሟላ ምስክርነት የሚሰጠው ከተገኘበት አፈር ጋር አብሮ ሲመረመር ነው። በአፋር ክልል የሚገኘው አራሚስ ለዚህ አንዱ አብነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994፣ በወቅቱ ተማሪ የነበሩት ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ በዚህ ሥፍራ የመዳፍ አጥንት ስባሪዎችን ካገኙ በኋላ በተካሄደው ቁፋሮ፣ ከ4.4 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረችውና አርዲ የተባለችው ቅድመ ሰው አጽም ተገኘ። አጥንቶቿ ሲነኩ የሚፈረፈሩ ስለነበሩ ቆፋሪዎቹ አፈሩን በቀርከሃ ስንጥርና በጃርት እሾህ ጭምር እየገለጡ፣ ስባሪዎቹን ከነአፈራቸው በጀሶ ጠቅልለው ወደ አዲስ አበባ ወሰዱ፤ ዝርዝር ጥናቱም የታተመው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

ዕድሜዋ የታወቀው አጥንቶቹ የተገኙበትን ደለል ከላይና ከታች ካቀፉት የእሳተ ገሞራ ንብርብሮች ነው፤ በእነዚህ ውስጥ ካለው ፖታሲየም ጥቂቱ በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ጋዝ ስለሚለወጥ፣ የተጠራቀመው ጋዝ መጠን እሳተ ገሞራው የፈነዳበትን ዘመን ያመለክታል። አብረው የተለቀሙት የጉሬዛና የአጋዘን ዘመዶች አጥንቶች፣ እንዲሁም የዛፍ ዘሮች፣ አካባቢው ደናማ እንደነበረ ለአጥኚዎቹ አመለከቱ፤ ይህም በሁለት እግር መሄድ የተጀመረው በገላጣ ሣር ምድር ነው የሚለውን የቆየ አስተሳሰብ ለጥያቄ አጋለጠ። ሌሎች ምሁራን ደግሞ የአፈሩን ኬሚካላዊ መረጃ እንደገና መርምረው አካባቢው ከተባለው ይልቅ ገላጣ እንደነበረ ተከራከሩ።

ክርክሩ ሊካሄድ የቻለው እያንዳንዱ ግኝት ከየትኛው ንብርብርና ከምን ጋር እንደወጣ ስለተመዘገበ ነው። ቁፋሮ የሚያጠናውን ሥፍራ ራሱን የሚያፈርስ ሥራ በመሆኑ፣ በዕለቱ ሳይመዘገብ ያለፈ ነገር ዳግም አይገኝም፤ ስለዚህ የቆፋሪው ታማኝነት የሚለካው ባገኘው አጥንት ዝና ሳይሆን፣ ድምዳሜውን የማይቀበል ሰው እንኳ ሊመረምረው በሚችል መዝገቡ ነው።

የዛሬ ተመራቂዎችም በላቦራቶሪም ሆነ በመስክ፣ በሙዚየምም ሆነ በመማሪያ ክፍል ቢሰማሩ፣ ከእነርሱ የሚጠበቀው ይኸው ነው፤ ማስረጃን ከነቦታው መጠበቅ፣ ያዩትን ሳያጓድሉ መጻፍ፣ ለሚሞግታቸውም መዝገባቸውን መክፈት። የአገሪቱ ምድር ገና ያልተገለጠ ብዙ ታሪክ ይዟልና፣ የተማረና ታማኝ እጅ ያስፈልገዋል።

እንኳን ደስ አላችሁ!